ዋቅላሚ

ድሬዳዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ስንት ልጅ በእጄ እንዳለፈ ቆጥሬ አላውቅም። አብዛኞቹን መንገድ ላይ "ቲቸር!" ብለው ሲጠሩኝ ፈገግ እላለሁ እንጂ ማን እንደሆኑ አላስታውስም። አንዱን ግን አልረሳሁትም። ጎበዝ ስለነበረ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ከመካከለኞቹ ነበር። ያልረሳሁት ስለበደልኩት ነው። በደሌ ምን ያህል እንደሆነ በቅጡ የገባኝም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ያውም ስለ ልጁ ምንም የማያውቁ የውጭ አገር ሊቃውንት የጻፉትን ጥናት ሳነብ ነው። ነገሩ ትንሽ ዞር ዞር ስለሚል አንባቢ ይታገሰኝ።

ከደቻቱ ልጀምር። ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ደቻቱ ወንዝ ነው ሲሉት ውኃ የሚፈስበት ይመስለዋል። ደቻቱ የአሸዋ ወንዝ ነው። ከዚራን ከመጋላ ለይቶ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ተኝቷል። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ግመል ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ቸርቻሪው ሸራውን ወጥሮ ይሸጥበታል። ውኃው የሚመጣው ሳይጠራ ነው። ደንገጎ ላይ፣ ከዚያም በላይ ያለው ደጋ ላይ ሲዘንብ እዚህ ታች ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይደርሳል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከአሸዋው ላይ እዚህም እዚያም ኩሬ ይቀራል። ኩሬው ጥቂት ቀን ከቆየ ጥግ ጥጉን አረንጓዴ ነገር ይይዘዋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሲጨብጡት ከጣት መሐል የሚያሙለጨልጭ ክር። ከዚያ ፀሐዩ ይመጣል። የድሬን ፀሐይ ለማያውቅ ለማስረዳት ይቸግራል፤ ሁለተኛውን ልብስ ገመድ ላይ ሳያሰጡ የመጀመሪያው ይደርቃል ብል ያገሬ ሰው አይታዘበኝም። ኩሬው ይጠፋል፤ ክሩም እንደ አሮጌ ሻሽ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል።

ልጁ ይህንን ክር ነው በጠርሙስ ይዞልኝ የመጣው።

ጊዜው ሚያዝያ 1998 ዓ.ም ነው። ዘጠነኛ ክፍል። በዚያን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ መሰላል ስያለሁ። ያን መሰላል በየዓመቱ እስለው ነበር፤ የታችኛው እርከን ላይ አልጌ፣ ቀጥሎ ሞስ (ያ ርጥብ ድንጋይና ግንብ ላይ የሚነጠፈው አረንጓዴ)፣ ቀጥሎ ፈርን፣ ከዚያ እነ ጥድና ዝግባ፣ ከላይ ደግሞ አባቢዎቹ። ከጎኑ "ዝቅተኛ ዕፅዋት" እና "ከፍተኛ ዕፅዋት" ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ ይገለብጡታል፤ ፈተና ላይ ይመጣል፤ ያበቃል። ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። እሱም መብራት ስለሌለው በመስተዋቱ ፀሐይ እየተቀበለ የሚሠራ ነበር። ፀሐይ ስላልቸገረን ሌላ ይገዛልን ብለን አልጠየቅንም።

ልጁ ከኋላ ወንበር ተነሣ። ቤታቸው ደቻቱ ዳር ነው። አሮጌ ጠርሙስ ከቦርሳው አወጣና "ቲቸር፣ ከውኃ የወጣው ይሄኛው ነው?" አለኝ።

መልሱን በቀላሉ ልነግረው እችል ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ነገር አንብቤ ነበርና ዐዋቂነቴ ሲያሳክከኝ ሰንብቷል። የየብስ ዕፅዋት የቅርብ ዘመድ ካራ የሚባለው አልጌ ነው የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ነበር። ካራ መልከ መልካም ነው። ግንድ መሰል ነገር አለው፤ በየአንጓው ዙሪያውን ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እንቁላሉን በሴሎች ጠቅልሎ ይይዛል። ገላውን ደግሞ በኖራ ይለብጣል፤ የሳቢያን ጉድጓድ ውኃ የቤታችንን ማንቆርቆሪያ እንደሚለብጠው ማለት ነው። ለዓይን ሲታይ "ይሄማ ተክል ለመሆን አንድ ሐሙስ የቀረው ነው" ያሰኛል። ልጁ የያዘው ግን ስፓይሮጋይራ ነው። አንድ ሴል በአንድ ሴል ላይ ተቀጣጥሎ የተሠራ ክር፤ ሥር የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፣ እንቁላል የለው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብቻ በየሴሉ ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ጥብጣብ የዞረ አረንጓዴ ታያላችሁ።

"አይደለም" አልኩት። "የወጣው ካራ ነው። ይሄ ተራ ነገር ነው።"

አልተቀመጠም። "ግን ቲቸር፣ ይሄ ሲደርቅ አይሞትም። ባለፈው ድንጋይ ላይ የደረቀውን ቧጥጬ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ሰንብቶ አረንጓዴ ሆነ።"

አሁን ሳስበው ይህ ልጅ ማንም ሳያዘው ሙከራ ሠርቶ መጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ውኃውን አፍልተኸዋል ወይ፣ ከውኃው ጋር የገባ ሌላ እንዳልሆነ በምን አወቅህ ብዬ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ ጥሩ አስተማሪ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው። ክፍሉ ግን ስድሳ ስምንት ልጅ ነው፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው፣ ቆርቆሮው ይፋጃል፣ እኔም ሌላ ሰው ፊት የተከራከረኝን የምወድ ሰው አልነበርኩም። ጠርሙሱን ተቀበልኩትና ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁ። "ይሄ የደቻቱ ልጋግ ነው" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ስለጣመኝ ጨመርኩበት፤ "በአማርኛ ዋቅላሚ ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ ወኪሉ እሱ ነው።" ጠርሙሱንም በመስኮት ወረወርኩት። ከውጭ ሲሰበር ተሰማ።

ከዚያን ቀን በኋላ ልጁ ስሙ ጠፋ። ዋቅላሚ ሆነ። በረፍት ሰዓት ዋቅላሚ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ዋቅላሚ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ከእንግዲህ ግን እጁን አላወጣም።

እንግዲህ ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ለእሱ ያልነገርኩትን።

ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የብስ ራቁቱን ነበር። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ነፋስ፤ ቢበዛ ርጥብ ቦታ ላይ ዓይን የማይገባ የባክቴሪያ ሽፋን። ውኃው ውስጥ ግን አረንጓዴ ሕይወት ከከረመ ቆይቷል። ሰሜን ቻይና ውስጥ የተገኘ አረንጓዴ አልጌ ዕድሜው አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንድ ቢሊዮን! ያን ሁሉ ዘመን ለምን አልወጣም? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ለምን ይውጣ? ነው መልሱ። ውኃ ውስጥ ያለ አልጌ ሙሉ ገላው እየጠጣ ይኖራል። ውኃው ይሸከመዋል፤ ግንድ አያሻውም። ውኃው የወንዱን ዘር ወደ ሴቷ ያደርስለታል። ፀሐዩም ቢሆን በውኃ ተጣርቶ ነው የሚደርሰው። የብስ ላይ መውጣት ማለት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጣት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከደጋ ወርዶ የመጀመሪያውን ግንቦት ሲያሳልፍ የሚሰማውን በሺህ አባዙት።

ያም ሆኖ ወጡ። አርጀንቲና ውስጥ ከ470 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ዐለት ውስጥ ከዱቄት የደቀቁ ስፖሮች ተገኝተዋል። ባለቤታቸው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ገላ አልተረፈም፤ ስፖሩ የተረፈው ሽፋኑ በተፈጥሮ ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ እጅግ አልበገር ባዮቹ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ነው። አሲድ አይበላውም ማለት ይቻላል። ድርቅን ለመሻገር የመጀመሪያው ብልሃት ይኸው ነበር፤ ራስ ቢሞት ልጅን በማይበጠስ ልብስ ጠቅልሎ ለነፋስ መስጠት።

ሁለተኛው ብልሃት ሰም ነው። ተክል ገላውን በስስ ሰም ቀባ። ሰሙ ውኃውን ያዘለት፤ ግን ደግሞ አየሩንም ዘጋበት፤ አየር ካልገባ ምግቡን አይሠራም። ስለዚህ በሰሙ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ አበጀ። ዛሬ ከዚራ ጥላ ውስጥ የቆማችሁበት ዛፍ ሁሉ ቅጠሉ ላይ በሺህ የሚቆጠር እንዲህ ያለ አፍ አለው፤ ቀትር ላይ ይዘጋል። እኛም ቀትር ላይ ሱቃችንን ዘግተን ጥላ ስር እንደምንጋደመው ነው። (ስለ ከዚራ ዛፍ ካነሣሁ አይቀር፣ አዲስ አበቤ "የድሬዳዋ ዛፍ" የሚለው ያ ቀይ አበባው እሳት የሚመስለው ዛፍ የድሬዳዋ አይደለም፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ኒሙም ቢሆን የመጣው ከህንድ በኩል ነው። ለነገሩ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ማን ነባር ነው?)

ሦስተኛውን ብልሃት ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። አልጌ እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ ውኃው ውስጥ ለቆት ይሄዳል። የየብስ ተክል ግን ፅንሱን ከራሱ ገላ ጋር አያይዞ መመገብ ጀመረ። ሊቃውንቱ የየብስ ዕፅዋትን በሙሉ፣ ከሞስ እስከ ዋርካ፣ የሚጠሩበት ስም ትርጉሙ "ባለ ፅንስ ዕፅዋት" ማለት ነው። ሰው ስለ ዕፅዋት ሲያወራ አበባና ፍሬ ያነሣል፤ ነገሩ የተጀመረው እናት ልጇን ይዛ መቆየት ስትጀምር ነው። የወንዱን ዘር ማጓጓዣ ግን ገና አላገኙለትም ነበር። ሞስና ፈርን እስከ ዛሬም የወንድ ዘራቸው ይዋኛል፤ ለመዳቀል ቢያንስ የጤዛ ጠብታ ያስፈልጋቸዋል። ግማሽ እግራቸው አሁንም ውኃ ውስጥ ነው።

ገላቸውን ያየነው ቆይቶ ነው። ኩክሶኒያ የሚባለው ከ430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚታይ ተክል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ቅጠል የለውም። ቀጭን እንጨት እንደ ወንጭፍ ባላ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈልና ጫፉ ላይ የስፖር ከረጢት ይይዛል፤ በቃ። ስሙን በ1937 እ.ኤ.አ. ያወጣው ላንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ኢዛቤል ኩክሰን ለተባለች አውስትራሊያዊት ተመራማሪ መታሰቢያ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በምትባል መንደር የተገኘው ነው። ዊልያም ማኪ የተባለ ሐኪም፣ ድንጋይ መልቀም የሚወድ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 እዚያ አካባቢ የአጥር ድንጋይ ውስጥ የተክል ግንድ አየ። ነገሩ ከ407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፍል ውኃ የነበረበት ቦታ ነው። ኤረር ሄዳችሁ ፍል ውኃውን ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ውኃው የድንጋይ ማዕድን ተሸክሞ ወጥቶ ዙሪያውን የበቀለውን ተክል በቁሙ ድንጋይ አደረገው። ያ ድንጋይ እንደ ወረቀት ሲሳሳና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የአየር ቀዳዳዎቹ አሉ። ከሁሉም የሚያስገርመው፣ በግንዱ ሴሎች ውስጥ ፈንገስ ተዘርግቶ ይታያል። ሥር ገና አልነበራቸውም፤ ፈንገሱ ነበር ከአፈሩ ማዕድን እየለቀመ የሚያቀብላቸው፤ እነሱም የሠሩትን ስኳር ይከፍሉታል። ብቻቸውን አልወጡም ማለት ነው። ዛሬም አብዛኛው ተክል ይህን ውል አላፈረሰም።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ትግራይ ውስጥ እንጢጮ አካባቢ ያለው አሮጌ የአሸዋ ድንጋይ በዚያ ዘመን መጨረሻ፣ ከ445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶ ግግር ጥሎት ያለፈው ደለል አለበት። የዛሬዋ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የደቡብ ዋልታ ከበረዶው ጋር የሚደርስባት አገር ነበረች። አንዳንድ ሊቃውንት ለዚያ ቅዝቃዜ ተጠያቂዎቹ እነዚሁ ሞስ መሰል ተክሎች ናቸው ይላሉ፤ ዐለቱን እየሸረሸሩ፣ ማዕድኑን ወደ ባሕር እየሰደዱ፣ ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ ከአየር ስላስቀነሱት ነው ባዮች ናቸው። መላምት ነው፤ የሚከራከሩበትም አሉ። ግን አስቡት፤ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ነገር የዓለምን አየር ለወጠ የሚያሰኝ ክርክር መነሣቱ ራሱ ቀላል አይደለም።

ወደ ልጁ ልመለስ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም ሌሊት ደቻቱ መጣ። ያን ሌሊት ድሬዳዋ የነበረ ሰው እንዲህ ሲሉት ሌላ አይጨምሩለትም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ቤት ንብረቱ የጠፋበት በሺህ የሚቆጠር ነው። እኔ የምኖረው ከፍ ያለ ቦታ ስለነበረ ድምፁን ነው የሰማሁት። ሲነጋ ሄድን። ዳር ዳሩ የነበረው ሰፈር አልነበረም። አሸዋው ላይ የግድግዳ ቁራጭ፣ አልጋ፣ የጋሪ መንኩራኩር፣ በርሜል ተሰንቅሮ ቆሟል። ሰው አስከሬን ይፈልጋል። እኔም ከሌሎች መምህራን ጋር ሆኜ የተማሪዎቻችንን ስም እየያዝን ድንኳኑን ሁሉ ዞርን። የብዙዎቹን አገኘን። የእሱን ከሞቱትም ከተረፉትም መሐል አላገኘሁም። ለማላውቀው ሰው "ዋቅላሚ የሚባል ልጅ..." ብዬ ስጠይቅ ራሴን ሰማሁት። እውነተኛ ስሙን ለማስታወስ ጥቂት ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ።

መስከረም ላይ አልተመዘገበም። ወንበሩን ሌላ ልጅ ያዘው። እኔም በዓመቱ መሰላሉን ደግሜ ሳልኩ።

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጣሁ። እህቴ ልጇ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ አጎቱ እንዳይሰለቸው ብሎ በስልክ የሚነበብ ጽሑፍ ይልክልኛል። ካራ እንዴት ሆነ? ብዬ ጻፍኩለት፤ ለወሬ ያህል። የላከልኝን ሳነብ እንግሊዝኛው ቢያደክመኝም ዋናው ነገር አልጠፋኝም።

ካራ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ መቶ የሚጠጉ ዕፅዋትና አልጌዎች ዘረ-መል ሲነጻጸር የየብስ ዕፅዋት የቅርብ ዘመድ ሆኖ የወጣው ያ መልከ መልካሙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1,100 በላይ ዝርያዎች የተመረመሩበት ሌላ ጥናት ይህንኑ አጸናው። የወጣው ስፓይሮጋይራ ያለበት ወገን ነው። ሥር የለው፣ ቅርንጫፍ የለው ያልኩት። የደቻቱ ልጋግ።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ያላዩት እኔ ባላየሁበት ምክንያት ነው፤ መልኩን አይተው ናቁት። ተራ ስለሆነ ጥንታዊ፣ ጥንታዊ ስለሆነ ሩቅ መሰላቸው። ኋላ ሲመረመር ግን ተራ የሆነው የነበረውን ጥሎ ነው። የሚዋኝ የወንድ ዘር እንኳ ትቷል፤ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይተኙና በመሐላቸው ድልድይ ዘርግተው የአንዱ ሴል ውስጡን ወደ ሌላው ያሻግራል። ከዚያ የሚገኘው ፅንስ ወፍራም ግድግዳ ሠርቶ ይተኛል። ኩሬው ቢደርቅ፣ ፀሐዩ ድንጋዩን ቢያግለው፣ እሱ ይጠብቃል። ውኃ ሲያገኝ ይነሣል። ልጁ ቧጥጦ ውኃ ውስጥ የጨመረው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። በዚያው በ2019 የሁለት የዚሁ ወገን አልጌዎች፣ ርጥብ መሬትና ድንጋይ ላይ የሚኖሩ፣ ሙሉ ዘረ-መላቸው ታትሞ ነበር። ተክሎች ድርቅ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ የሚሰሙበት ጂን ዘመዶቹ እዚያ ተገኙ፤ ያውም ከአፈር ባክቴሪያ የተወረሰ ነው የሚመስለው። ማለትም ድርቅን መቻል የተጀመረው ከየብስ ዕፅዋት በፊት፣ እየደረቀ በሚመለስ ኩሬ ዳር ነው።

በጥብቅ ከተናገርን "ከውኃ የወጣው ይሄኛው ነው?" ለሚለው መልሱ አሁንም አይደለም ነው። ዛሬ በሕይወት ያለ ምንም ነገር የሌላው ሕያው አያት አይደለም፤ ስፓይሮጋይራና የጓሮአችን ዘይቱን የአጎት ልጆች ናቸው፤ አያታቸው ከሞተ ግማሽ ቢሊዮን ዓመት አልፎታል። ግን ልጁ የጠየቀኝ የቅርቡን ነው። የቅርቡን ይዞት ቆሞ ነበር።

መሰላሉም ፈርሷል። ሞሶች ከፈርን በታች የተረሱ እርከን አይደሉም፤ ከእነ ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ናቸው፤ እኛ ዛፍ ስንሠራ እነሱ የራሳቸውን መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል። "ዝቅተኛ" ብሎ የሚጠራቸው የኔ ዓይነቱ አስተማሪ ብቻ ነው። የኛም ሊቃውንት ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም ልበል? የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ የመዘገበው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ፣ ፈርኖችን የያዘው አንደኛው ቅጽ ከታተሙት መጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ የተመዘገበበት ያ መጽሐፍ ሞስና አልጌን አያካትትም፤ ሥራው የባለ ሥርና የባለ ቧንቧ ዕፅዋት ስለሆነ። አልነቅፍም፤ ሠላሳ ዓመት የለፉ ሰዎች ናቸው። ግን የደቻቱ ክር መዝጋቢ አላገኘም።

ባለፈው ዓመት ቀፊራ ገበያ በርበሬ ስገዛ አንዲት ሴት "ቲቸር" አለችኝ። ከዚያው ክፍል ነበረች። ስለ ጓደኞቿ ስታወራኝ "ዋቅላሚ እኮ ጅቡቲ ነው" አለች እንደ ዋዛ። በርበሬውን ረሳሁት። ባሏ ስልኩ አለው አለችና ሰጠችኝ።

ለመደወል አሥር ቀን ፈጀብኝ። የጥናቱን ዋና ዋና ነገር በማስታወሻ ጽፌ ይዤ ነበር፤ እንደ ትምህርት ዝግጅት።

"ማን ልበል?" አለ።

ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "አቦ! ቲቸር! እርስዎ ነዎት?" ብሎ ሳቀ። ጅቡቲ ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ አግብቶ ሁለት ልጅ አለው። ያን ሌሊት እናቱን ይዞ ጣራ ላይ ወጥቶ ተርፎ ነበር። "ታናሽ እህቴን ግን ወሰዳት" አለ። እህት እንደነበረችው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እናቱ ድሬን ማየት ስላልቻለች ዘመድ ፍለጋ ወጡና በዚያው ቀሩ።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ማስታወሻዬ እጄ ላይ ነው። እህቱን ጎርፍ ለወሰደበት ሰው ስለ አልጌ ላወራ? ብተወው ግን ዳግመኛ የምደውል አልመሰለኝም። ጀመርኩት። ካራን፣ 2014ን፣ ድልድዩን፣ ወፍራሙን ግድግዳ። "ትክክል የነበርከው አንተ ነህ" አልኩት። "እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ደግሞም ስምህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"ስሙንማ ለምጄዋለሁ" አለ። "እዚህ ያሉት የድሬ ልጆች ሌላ ስም አያውቁልኝም። ግን ቲቸር..."

"እ?"

"ጠርሙሱን ያስታውሱታል?"

"የወረወርኩትን?"

"የእናቴ ነበር። ላምባ ትሸጥበት የነበረው መለኪያ። ሳላስፈቅዳት ነው የወሰድኩት። በዚያ ጠርሙስ ምክንያት ምን ያህል እንደተገረፍኩ አይጠይቁኝ።" ከዚያ ስልኩን ከአፉ አራቀና ወደ ውስጥ ተጣራ፤ "እማ! ጠርሙስሽን የሰበረው ሰውዬ ተገኘ!"

ከሩቅ የአሮጊት ድምፅ ተሰማኝ። ምን እንዳለች አልለየሁም።

"ምን አለች?" አልኩት።

"አንድ ሊትር የሚይዝ ነበር፤ ይክፈለኝ እያለች ነው።"